ሲሠራ የማይደርቅ፣ ሲያርፍ የሚደርቅ ኮምፒውተር፦ ከማዘርቦርድ ለውጥ በኋላ የመጣ የከርነል ሎክአፕ የጉዳይ ጥናት

ማዘርቦርዱ ተቀይሯል። የድሮው ዲስክ ሳይፎረማት ተገጥሞ ሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያለ ችግር ተነስቷል፤ ቀኑን ሙሉም ሲሠራበት ውሏል። ማታ እንደበራ ተትቶ ጠዋት ሲመጡበት ግን ስክሪኑ ጨልሟል፣ የካፕስ ሎክ መብራት ቁልፉ ቢጫንም አይለወጥም፣ ከሌላ ማሽን ፒንግ ቢደረግ መልስ የለም። ፋኖቹ ግን ይዞራሉ። በፓወር ቁልፉ አጥፍተው ሲያበሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ያው ይደገማል። መድረቅ የምንለው ይህንን ነው።

ይህ ችግር እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የመጀመሪያውን ትውልድ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰር በሊነክስ በሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ላይ ደርሷል። በሊነክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የሳንካ፣ ማለትም የጉድለት፣ መዝገብ ውስጥ ቁጥር 196683 ሆኖ የተከፈተው በኦገስት 2017 ነው፤ አርእስቱም በአዲስ የራይዘን ማሽን ላይ በዘፈቀደ የሚመጣ ሶፍት ሎክአፕ (አንድ ኮር ተይዞ መቅረት) የሚል ነበር። ሪፖርቱ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ የቆየው ብዙ ሰው እየመጣ «እኔም ጋ አለ» ስላለበት ብቻ አይደለም። ምልክቱ ከምክንያቱ ርቆ የሚታይ፣ የተለመደው የፍተሻ መንገድም ወደተሳሳተ ቦታ የሚወስድ ጉዳይ ስለነበረ ነው። እዚህ የምንከተለው ያንን ጉዳይ ነው፤ ማዘርቦርድ ቀይሮ ማሽኑ የሚደርቅበት ሰው ከየት ጀምሮ ወዴት መሄድ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የከርነል መለኪያዎች (ለከርነሉ የሚሰጡ ቅንብሮች) እና የፋይል ስሞች ሲጻፉ በላቲን ፊደል ነው። እዚህ በድምፃቸው ስለሰፈሩ፣ ነጥቡና ሰረዙ ባለበት ሆኖ በላቲን መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል።

የማሽኑ ሁኔታ

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣበት አደረጃጀት እንዲህ ያለ ነው። የሳንዲ ብሪጅ ዘመን የኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ከነቦርዱ ይወጣል። በቦታው ቢ350 ቺፕሴት ያለው የኤኤም4 ቦርድ፣ በላዩ ባለ 6 ኮር (የስሌት ክፍል) እና 12 ትሬድ (የሥራ መስመር) ራይዘን 5 1600፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም ይገባል። ከድሮው የሚቀሩት ኬዙ፣ ፓወር ሰፕላዩና ዲስኩ ናቸው፤ ዲስኩ ላይ ደግሞ ለድሮው ማሽን የተጫነው ኡቡንቱ 16.04 የተባለው የሊነክስ ዓይነት እንዳለ ነው።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በዓይን የሚገባው አዲሱ ቦርድ ነው፤ ችግር ሲመጣም መጀመሪያ የሚከሰሰው እሱ ነው። ሆኖም አዲስ ያልሆኑት ሁለቱ፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩና ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም፣ ለሌላ ማሽን የተመረጡ ነበሩ። እኛም አገር ቦርድ በመብራት መዋዠቅ ሲቃጠል የሚቀየረው ቦርዱ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ፋኑ እስከዞረ ድረስ «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት የሚገባው።

መልእክቱ የሚናገረውና የሚደብቀው

ስክሪኑ ላይ ወይም ሎጉ ውስጥ የሚገኘው መስመር፣ ከተገኘ፣ «ሶፍት ሎክአፕ፦ ሲፒዩ ቁጥር 5 ለ22 ሰከንድ ተይዟል» ዓይነት ነው። 22 ወይም 23 የሚለው ቁጥር የመጣው ከከርነሉ ጠባቂ አሠራር ነው። «ከርነል.ዋችዶግ_ትሬሽ» የሚባለው ገደብ ካልተነካ 10 ሰከንድ ነው። በየኮሩ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ በየ4 ሰከንዱ እየነቃ «እዚህ ኮር ላይ ሥራ ተራውን እያገኘ ነው ወይ?» ብሎ ያያል። የገደቡ እጥፍ፣ ማለትም 20 ሰከንድ፣ ያለ ለውጥ ካለፈ ሶፍት ሎክአፕ ተብሎ ይመዘገባል። ሃርድ ሎክአፕ የሚባለው ደግሞ ሰዓት ቆጣሪው ራሱ ሲቆም ነው፤ እሱን የሚይዘው ሊታፈን የማይችለው ኢንተራፕት (ሥራ አቋራጭ ምልክት) ነው፣ ገደቡም 10 ሰከንድ አካባቢ።

አሁን ወሳኙ ነገር። በመልእክቱ ውስጥ የተጠራው ኮር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አይደለም። አንዱ ኮር አንድን የማስታወሻ ካርታ ከሁሉም ኮሮች ላይ ማስሰረዝ ሲፈልግ ለሌሎቹ መልእክት ይልክና እስኪመልሱ ይጠብቃል። ከእነሱ አንዱ ከእንቅልፍ ካልነቃ መልእክቱን የላከው ኮር እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ 20 ሰከንድ ሲሞላው የሚከሰሰው ደግሞ ይኸው የጠበቀው ነው። ያልነቃው ኮር የራሱ ሰዓት ቆጣሪም ስለማይጮህ ስለራሱ ምንም አይናገርም። የሃርድ ሎክአፕ ጠባቂም አያገኘውም፤ ምክንያቱም የሚቆጥረው ኮሩ የሠራባቸውን ዑደቶች ነው፣ የተኛ ኮር ደግሞ ዑደት የለውም። ስለዚህ ከመስመሩ በታች ባለው ዱካ ውስጥ «ኤስኤምፒ_ኮል_ፈንክሽን_ሜኒ» ወይም «ፍለሽ_ቲኤልቢ» የሚሉ ስሞች ከታዩ ማንበብ ያለብን «ይህ ኮር ሌላውን እየጠበቀ ነው» ብለን ነው። ይህን ሳያውቁ የተጠራውን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ሲያባርሩ ሳምንታት ያጠፉ ብዙዎች ናቸው፤ መልእክቱ በየጊዜው የተለያየ ፕሮግራም ሲጠራ ማየት ራሱ ምልክት ነበር።

ብዙ ጊዜ ግን ከነጭራሹ መልእክት የለም። ጆርናሉ (የሲስተሙ የመልእክት መዝገብ) እስከ አንድ ጊዜ ድረስ በሰላም ይመዘግብና ይቋረጣል፤ ቀጣዩ መስመር የአዲሱ ቡት (መነሳት) ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ከዳግም መነሳት በኋላ በባንክ 5 የተመዘገበ የሃርድዌር ስህተት ይታያል። ራይዘን በተሠራበት የዜን ንድፍ ባንክ 5 የማስፈጸሚያው ክፍል ነው፤ እዚያ የሚመዘገበው የጊዜ ማለፍ ስህተትም ኮሩ ለረጅም ጊዜ አንድም ትእዛዝ እንዳልጨረሰ ይናገራል። ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል ማለት ግን አይደለም።

ማስረጃ ሳይያዝ ምንም አይነካ

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሲደርቅ ማስረጃ እንዲተርፍ ማድረግ ነው። «ቫር» ውስጥ «ሎግ» በሚለው ማህደር ሥር «ጆርናል» የሚባል ማህደር ይፈጠር፤ ኡቡንቱ 16.04 ሲጫን ስለማይፈጥረው የቀድሞው ቡት ሎግ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። ከዚያ «ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ -1» የሚለው ትእዛዝ ያለፈውን ቡት የከርነል መልእክት ያወጣል።

ዲስክ ላይ መጻፍ ሳይቻል ለሚደርቅ ማሽን ኔትኮንሶል ይሻላል። ይህ ሞጁል የከርነሉን መልእክት በዩዲፒ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይልካል፤ መነሻው ፖርት 6665፣ መድረሻው 6666 ነው። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ኔትወርክ ላይ በኬብል መያያዝ አለባቸው፤ በዋይፋይ ላይ መመካት አይገባም። የመልእክት ደረጃው «ዲሜሴጅ -ኤን 8» ተብሎ ካልተከፈተ የሚላከው ጥቂት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ተራ ይመስላል፣ ግን ብዙ ረድቷል። ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርጎ በጽሑፍ ኮንሶሉ ላይ በየሁለት ሰከንዱ ሰዓት የሚያሳይ ትእዛዝ መተው ነው። ሲደርቅ የቆመችው ሰዓት ስክሪኑ ላይ ትቀራለች። ሌሊት፣ ማንም ባልነካው ጊዜ መሆኑ ከዚያ ይታወቃል።

ሲስአርኪው የሚባለው የአደጋ ጊዜ ቁልፍም ቀድሞ ይከፈት። ኡቡንቱ ላይ «ከርነል.ሲስአርኪው» የሚለው ዋጋ 176 ነው፤ ይህም 128፣ 32 እና 16 ተደምረው ሲሆን ሪቡት፣ ዲስክን ለንባብ ብቻ ማድረግና ሲንክ ብቻ ይፈቅዳል። ሁሉንም ለመፍቀድ 1 ይደረግ። ማሽኑ ሲደርቅ አልትና ሲስአርኪውን ይዞ «ኤስ»፣ «ዩ»፣ «ቢ» መጫን ዲስኩን ያተርፋል። ለዚያ እንኳን መልስ ካልሰጠ ኪቦርዱን የሚያገለግለው ኮር ራሱ ሞቷል ማለት ነው፤ ይህም መረጃ ነው፣ ይጻፍ።

ከድሮው ማሽን የተረፈው

ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም ስለተነሳ ብቻ ለአዲሱ ቦርድ ተስማምቷል አይባልም። መጀመሪያ የሚታየው «ፕሮክ» ውስጥ ያለው «ሲኤምዲላይን» ነው። ከዓመታት በፊት ለድሮው ቦርድ መፍትሔ ተብሎ ግሩብ (ሊነክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የገባ ነገር እዚያ ይገኛል፤ ኤሲፒአይን (የኃይልና የእንቅልፍ አስተዳደሩን) የሚያጠፋ፣ ወይም «ኢንቴል_አይድል.ማክስ_ሲስቴት» የሚል። ሁለተኛው በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ ምንም አይሠራም፤ ድራይቨሩ የኢንቴል ብቻ ነው። ይህን አስገብተው «ሞክሬዋለሁ፣ አልረዳም» ያሉ ሰዎች ያልሞከሩትን ነገር ነው ሞክረናል ያሉት።

ቀጥሎ ከርነሉ። ኡቡንቱ 16.04 መጀመሪያ ይዞት የወጣው 4.4 ነው፤ እሱ የወጣው በጃንዋሪ 2016 ሲሆን ራይዘን ገበያ የገባው በማርች 2017 ነው። ፕሮሰሰሩ ከመወለዱ በፊት የተጻፈ ከርነል የኮርና የትሬዱን አደረጃጀት በትክክል እንዲያውቅ መጠበቅ አይቻልም። ቢያንስ በ16.04.3 የመጣው 4.10፣ ከተቻለ በ18.04 የመጣው 4.15 ይግባ። ከ4.15 ወዲህ የራይዘንን ሙቀት በ«ኬ10ቴምፕ» ማንበብም ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ሙቀቱን ሳያዩ ስለ ሙቀት መከራከር ነበር።

በ«ኢቲሲ» ውስጥ «ሞጁልስ» በሚለው ፋይል የድሮው ቦርድ ሴንሰር ድራይቨሮች በግድ እንዲጫኑ ተጽፈው ከሆነ ይውጡ። የኢንቴል ማይክሮኮድ ፓኬጅ በኤኤምዲው ይተካ። የኔትወርክ ካርዱ ስም መቀየሩና ቡት ማስገቢያው በድሮው ቦርድ ማስታወሻ ውስጥ መቅረቱ የተለመዱ ናቸው፤ መድረቅ ግን አያመጡም።

ይህ ሁሉ ተጸድቶም ማሽኑ ይደርቃል። ይህ ግን ከንቱ ልፋት አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው መድረቅ ንጹሕ ሲስተም ላይ የመጣ ስለሆነ ሊታመን ይችላል።

በአንድ ስም የተጠሩ ሦስት ችግሮች

በዚያን ጊዜ «ራይዘን ሊነክስ ላይ ይደርቃል» ተብሎ የሚወራው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልል ነበር፤ ግራ መጋባቱ የመጣውም ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው በማርች 2017 የታየው ነው፤ ኤፍኤምኤ3 የሚባሉትን የስሌት ትእዛዞች በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚጠቀም ፕሮግራም ማሽኑን ወዲያው ያደርቀው ነበር። አጌሳ (ኤኤምዲ ለቦርድ ሠሪዎች የሚሰጠው ማስነሻ ኮድ) 1.0.0.4 ያለበት ባዮስ (ቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ሲገባ ቀረ። ሁለተኛው በብዙ ትሬድ ኮድ ሲጠናቀር ፕሮግራሞች በሴግመንቴሽን ፎልት የሚወድቁበት ነው። ኤኤምዲ ይህን በኦገስት 2017 አምኖ ፕሮሰሰር ይቀይር ነበር። እዚህ ላይ ማሽኑ አይደርቅም፤ ፕሮግራሙ ይሞታል፣ ሲስተሙ ይቀጥላል፤ የሚመጣውም በከባድ ጫና ጊዜ ነው።

ሦስተኛው የእኛ ጉዳይ ነው፤ መላ ማሽኑ የሚደርቅበት፣ ያውም ባረፈበት ሰዓት። ለሁለተኛው ችግር ብለው ፕሮሰሰራቸውን አስቀይረው ሦስተኛው የቀጠለባቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከመነሻው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሲደርቅ ምን እየሠራ ነበር? መልሱ «ምንም» ከሆነ መንገዱ ይለያል።

ራምና ሙቀት፣ በአጭሩ

መዝለል አይገባም፣ ግን ብዙ ቀን አይስጡት። የራሙ ኤክስኤምፒ (ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጠው ቅንብር) ይጥፋና በ2133 ይሂድ። የመጀመሪያው ራይዘን በይፋ የሚደግፈው ከፍተኛው ፍጥነት 2666 ነው፤ እሱም ለሁለት ባለ አንድ ረድፍ ራም ነው። አራት ባለ ሁለት ረድፍ ራም ከተሰካ ወደ 1866 ይወርዳል። በማሸጊያው ላይ 3200 ስለተጻፈ ቦርዱ ላይ 3200 መሮጥ ኦቨርክሎክ ነው። ሜምቴስት የተባለው የራም መፈተሻ አንድ ሌሊት፣ ቢያንስ 4 ዙር ይሂድ፤ አንድም ስህተት አይፈቀድም።

ከዚያ በ12 ትሬድ ለስድስት ሰዓት ከባድ ጫና ይሰጠው፣ ለምሳሌ ከርነል እየደጋገሙ ማጠናቀር። ይህን ማሽኑ ያልፋል፤ ያልፍና በነጋታው ሌሊት ሥራ ፈትቶ ይደርቃል። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ቴክኒሻን «ስትረስ ቴስት አልፏል፣ ማሽኑ ደህና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የጫና ፍተሻ የሚያረጋግጠው ከፍተኛውን ጅረት ነው። ይህ ችግር የተቀመጠው ደግሞ ዝቅተኛው ጅረት ላይ ነው።

ኮር እንዴት እንደሚተኛ

ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ በደረጃ ይተኛል። ሲ1 ላይ ሰዓቱ ብቻ ይቆማል። ሲ6 ላይ ኮሩ ያለውን ሁሉ አስቀምጦ ኃይሉ ይቋረጣል። ሁሉም ኮሮች ሲ6 ሲገቡ መላው ፓኬጅ ወደ ሲ6 ይወርዳል፤ ያኔ ከ12 ቮልቱ መስመር የሚሳበው ጅረት እጅግ ትንሽ ይሆናል። ሊነክስ ራይዘን ላይ የሚያያቸው ደረጃዎች ሦስት ናቸው፦ ፖል፣ ሲ1 እና ሲ2። ከርነሉ ሲ2 የሚለው ሃርድዌሩ ሲ6 የሚለውን ነው።

ይህ የስም ልዩነት ብዙ ሰው አሳስቷል። ሲ6ን ለመከልከል ተብሎ «ፕሮሰሰር.ማክስ_ሲስቴት=5» የሚል ምክር በሰፊው ይሰጥ ነበር። ቁጥሩ የሚለካው በከርነሉ አጠራር ስለሆነ፣ ከ2 በላይ ደረጃ በሌለበት 5 ማለት ምንም አለመከልከል ነው። የሚሠራው 1 ነው።

ሪስታርት ሳያደርጉ ለመሞከርም መንገድ አለ። በ«ሲስ»፣ «ዲቫይስስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሲፒዩ» ሥር ከ«ሲፒዩ0» እስከ «ሲፒዩ11» ያሉት ማህደሮች እያንዳንዳቸው «ሲፒዩአይድል» አላቸው፤ በውስጡ «ስቴት2» ውስጥ «ዲስኤብል» የሚል ፋይል ይገኛል። በሩት (በአስተዳዳሪ) ሥልጣን በ12ቱም ላይ 1 ይጻፍ። እዚያው ያለው «ዩሴጅ» የሚል ፋይል ስንት ጊዜ እንደተተኛ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ መጨመር ካቆመ ክልከላው ይዟል። አንዱን ትሬድ እንኳን መርሳት ሙከራውን ያበላሻል።

ይህ ሲደረግ መድረቁ ይቆማል። ክልከላው ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል። ማስረጃ የሚሆነው ሁለተኛው ግማሽ ነው። አንድ ነገር ቀይሮ «ቆመ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መልሶ ከፍቶ እንደገና ሲደርቅ ማየት ያስፈልጋል፣ ምንም እንኳ ሰው ሰላም ካገኘ በኋላ ያንን ማድረግ ባይወድም።

ስንት ቀን ይጠበቅ

እዚህ ላይ ስሌት አለ፤ ሳይሰላ የተሰጠ ፍርድ ይወድቃል። ማሽኑ በአማካይ በ2 ቀን አንዴ በዘፈቀደ የሚደርቅ ከሆነ፣ ምንም ሳይለወጥ እንኳን 2 ቀን በሰላም የማለፍ ዕድሉ 37 በመቶ ነው። ይህ ማለት መፍትሔ ያልሆነ ነገር ከሦስት ሙከራ በአንዱ «ሠራ» ይባላል። ስህተቱን ወደ 5 በመቶ ለማውረድ የአማካዩን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 6 ቀን መጠበቅ ይገባል። በሳምንት አንዴ የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ 21 ቀን ነው። በሳንካ መዝገቡ ላይ «ተፈታልኝ» ብለው ከሳምንት በኋላ «ተመለሰ» ብለው የጻፉ ሰዎች የወደቁት በዚህ ነው።

ጊዜውን ለማሳጠር ማሽኑን የበለጠ ሥራ ፈት ማድረግ ይረዳል። ዴስክቶፑን ዘግቶ በጽሑፍ ኮንሶል ብቻ መተው፣ ብራውዘርና የፋይል ማመሳሰያ ማጥፋት፣ ዩኤስቢ ላይ የተሰካውን ሁሉ መንቀል። አንድ በአንድ መቀየርና የቀየሩበትን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ማስፈር ግዴታ ነው፤ በአንድ ቀን ባዮስም ራምም ፓወር ሰፕላይም የለወጠ ሰው ምን እንዳዳነው መቼም አያውቅም።

የፓወር ሰፕላዩ ድርሻ

ይህ ጥያቄ ከራይዘን በፊት ነበረ። በ2013 ሃስዌል የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ሲወጣ ኢንቴል ፓወር ሰፕላዩ በሁለተኛው 12 ቮልት መስመር ላይ 0.05 አምፔር ድረስ ዝቅ ያለ ጭነት ተሸክሞ መቆየት እንዲችል ጠይቆ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው ዝቅተኛ ገደብ 0.5 አምፔር ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ለቀድሞው ገደብ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ፣ በተለይ 12 እና 5 ቮልቱን አንድ ላይ የሚቆጣጠረው ርካሽ ዓይነት፣ ፕሮሰሰሩ ጥልቅ እንቅልፍ ሲገባ ቮልቴጁ ሊንሸራተትበት ይችላል። ሳንዲ ብሪጅ ላይ ዓመታት በሰላም የሠራው ፓወር ሰፕላይ አዲሱ ቦርድ ላይ ጥርጣሬ ውስጥ የሚገባው በዚህ ነው፤ አልተበላሸም፣ የተጠየቀው ነገር ተለወጠበት እንጂ። በሜትር ቢለኩት 12 ቮልት ያሳያል፤ ማሽኑ በርቶ ሲለካ ፕሮሰሰሩ አልተኛም።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በፓወር ሰፕላዩ ላይ መጫንም ትክክል አይደለም። አዲስና ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያላቸው ሰዎችም ማሽናቸው ደርቆባቸዋል። ኤኤምዲ ራሱ ባወጣው የእርማት ዝርዝር ውስጥ ቁጥር 1109 ኤምዌይት የሚባለው የማረፊያ ትእዛዝ በልዩ የጊዜ ሁኔታ ትሬዱን ሊያንጠለጥል እንደሚችል ይናገራል። ሊነክስ ወደ ሲ1 የሚገባው በዚሁ ትእዛዝ ነው። ሲ2 ተዘግቶም ለሚደርቅ ማሽን «አይድል=ኖኤምዌይት» የሚሞከረው ለዚህ ነው።

መዝገቡ ላይ በብዛት የተሞከረው ሌላው «አርሲዩ_ኖሲቢኤስ=0-11» ነው፤ ለባለ 16 ትሬድ 0-15 ይሆናል። ከርነሉ ከየኮሩ ላይ የሚሠራውን የጽዳት ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ ያዛውራል። ከርነሉ ይህን አማራጭ ይዞ ካልተጠናቀረ መለኪያው ዝም ተብሎ ይታለፋል፤ «ቡት» ውስጥ ባለው የከርነሉ «ኮንፊግ» ፋይል «አርሲዩ_ኖሲቢ_ሲፒዩ» ላይ «ዋይ» መኖሩን አስቀድሞ ማየት ነው። የረዳቸው ብዙዎች ናቸው፣ ያልረዳቸውም አሉ። በእኛ ግምት ይህ የእንቅልፉን ልማድ ይቀይራል እንጂ ሥሩን አይነካም፤ እንደ ዘላቂ መፍትሔ አንመክረውም።

መፍትሔውና ዋጋው

የተሻለው መፍትሔ ባዮስ ውስጥ ነው። «አድቫንስድ»፣ «ኤኤምዲ ሲቢኤስ»፣ «ዜን ኮመን ኦፕሽንስ» ተብሎ ሲገባ «ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል» ይገኛል፤ ከ«ኦቶ» ወደ «ቲፒካል ከረንት አይድል» ይቀየር። በአንዳንድ ቦርድ ሦስተኛው ምናሌ «ሲፒዩ ኮመን ኦፕሽንስ» ይባላል። አማራጩ ከሌለ ባዮሱ ያረጀ ነውና ይታደስ፤ ማደሱ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፣ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ቦርዱን ያጠፋዋል። እድሳቱ ቅንብሩን ሁሉ ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ እንደገና ይገባል።

መያዙን ለማረጋገጥ «ዜንስቴትስ» የሚባለው የፓይተን ስክሪፕት አለ፤ «ኤምኤስአር» ሞጁል ተጭኖ በ«-ኤል» ሲጠራ የሲ6ን ሁኔታ ለፓኬጅና ለኮር ለየብቻ ያሳያል። «ቲፒካል ከረንት አይድል» ሲመረጥ ፓኬጁ ተዘግቶ፣ ኮሩ ግን ክፍት ሆኖ ይታያል። ይህ ጥሩ ስምምነት ነው፦ አንዱ ኮር ብቻውን ሲተኛ ኃይል ይቆጠባል፣ ሌሎቹ ፍጥነታቸውን ከፍ ለማድረግ ቦታ ያገኛሉ፤ መላው ፕሮሰሰር ግን አደገኛው ዝቅታ ላይ አይደርስም።

ባዮሱ ላይ ሌላ «ግሎባል ሲስቴት ኮንትሮል» የሚባል ማጥፊያ አለ። እሱ ሁሉንም እንቅልፍ ይዘጋል፤ ይሠራል፣ ግን ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የሚበላው ኃይል ይጨምራል፣ ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ የሚገኘው ከፍተኛ ፍጥነትም ይቀንሳል። የመጨረሻ ምርጫ ይሁን።

የቦርዱ ሠሪ አማራጩን የያዘ ባዮስ ካላወጣ «ዜንስቴትስ» በ«--ሲ6-ዲስኤብል» ሲ6ን ለፓኬጅም ለኮርም ከሊነክስ ውስጥ ይዘጋል። በየቡቱ በሲስተምዲ አገልግሎት መጠራት አለበት፤ ማሽኑ ሰስፔንድ ተደርጎ ሲመለስም ቅንብሩ ስለሚጠፋ ከሰስፔንድ በኋላ እንዲደገም ሌላ አገልግሎት ይጨመር። ይህን ሁለተኛውን የረሳ ሰው ላፕቶፑን እንደሚከድን ዴስክቶፑን አስተኝቶ ሲመለስ ችግሩ እንደ አዲስ ይጀምርበታል።

ፓወር ሰፕላዩን የመቀየር ውሳኔ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ቲፒካል ከረንት አይድል» ገብቶ ማሽኑ የአማካዩን ሦስት እጥፍ ጊዜ በሰላም ካለፈ መቀየር አያስፈልግም። ካልያዘ፣ ቢያንስ የሃስዌልን ዝቅተኛ ጭነት እንደሚደግፍ የተገለጸ፣ መስመሮቹን ለየብቻ የሚቆጣጠር ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው፤ ሳይሞክሩ መግዛት አይደለም።

ሁሉም ሲረጋጋ ለፍተሻ የገቡት ነገሮች ይውጡ። ግሩብ ውስጥ የተጻፉት «ማክስ_ሲስቴት» እና «አርሲዩ_ኖሲቢኤስ» ከቀሩ ባዮሱ መሥራቱን አናውቅም፤ ሌላ ቦርድ ሲቀየርም ለቀጣዩ ሰው የድሮ ማሽን ትራፊ ይሆኑበታል። የራሙ ፍጥነት ወደ 2666 የሚመለሰው ከዚህ በኋላ፣ ለብቻው ነው። የቦርዱ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ አሮጌ ከሆነ ይቀየር፤ ባትሪው ሲሞትና መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ወደ «ኦቶ» ሊመለስ ይችላል፣ ያኔ ማሽኑ ከወራት ሰላም በኋላ አንድ ሌሊት ይደርቃል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚከፈተው የባዮሱ ገጽ ነው፤ «ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል» ላይ ምን እንደተጻፈ ለማየት።